ለቅሶ ያልደረሰ ሰው

ዛሬ ከመግሪብ በኋላ ከእማ ጋር በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣን ነበር። በጦሳ ተራራ በኩል አንድ ብርሃን ብቅ አለ። ብልጭ ድርግም አይልም። ዝም ብሎ እየተንሸራተተ ከደሴ ሰማይ በላይ ወደ ምሥራቅ ሄደ።

«አውሮፕላን ነው?» አለች እማ።

«አይ፣ የሕዋ ጣቢያው ነው። ሰው ይኖርበታል።»

ሲኒዋን አስቀመጠች። «ሰው? እዚያ ላይ?»

ምድርን በ90 ደቂቃ አንዴ እንደሚዞር ነገርኳት። ከዚያ ለዓመታት ከውስጤ አልወጣ ያለኝን የአሜሪካዊውን ጠፈርተኛ የፍራንክ ከልበርትሰንን ታሪክ አወራኋት።

ቀኑ መስከረም 1፣ 1994 ነበር። እኛ ጋ እንቁጣጣሽ ነው። የሰፈሩ ልጃገረዶች አደይ አበባቸውን አዙረው ጨርሰዋል። ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ኒው ዮርክ ላይ መንትዮቹ ሕንጻዎች በተጠለፉ አውሮፕላኖች ተመቱ። ከልበርትሰን ያን ጊዜ ከሁለት ሩሲያውያን ጋር ጣቢያው ውስጥ ነበር። በዚያ ቀን ከምድር ውጪ ያለ አሜሪካዊ እሱ ብቻ ነው። ወሬውን ሲነግሩት ካሜራ ይዞ መስኮት ፍለጋ ሄደ። ከማንሃተን የሚወጣውን ጭስ በዓይኑ አየው። ቆይቶ ደግሞ መርዶ መጣለት። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ሕንጻ ፔንታጎን ላይ የተከሰከሰው አውሮፕላን አብራሪ ቻርልስ በርሊንጌም የባሕር ኃይል አካዳሚ የክፍል ጓደኛው ነበር።

እንባ ሕዋ ውስጥ እንደ ምድር እንደማይወርድ ከልበርትሰን ራሱ ጽፏል። ጉንጭ ላይ አይፈስም። ዓይን ላይ ተጠራቅሞ እንደ ውሃ ድቡልቡል ይቀመጣል። በጨርቅ ካልጠረጉት አይሄድም።

እኔ ይህ ገባኝ። ጣቢያው ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አዲስ አበባም ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

በ2014 ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ አዲስ አበባ ሥራ ላይ ነበርኩ። እማ እዚህ ናት። ስልክ ጠፋ። ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ፌስቡክ ላይ የማውቀውን መንገድ፣ የማውቀውን አጥር እፈልግ ነበር። መብራት አለ፣ ውሃ አለ። እንጀራ ስቆርስ እጄ ይከብደኛል። ሰዎች «አንተ እንኳን እዚህ ሆንክ» ይሉኛል። በቅንነት ነው የሚሉት። ግን የዚያን ያህል የሚያመኝ ቃል አልነበረም። ወገን ሲቃጠል ከደህና ቦታ ማየትን ዕድል ነው የሚለኝ ሰው አያሳምነኝም።

አክስቴ በዚያ መሃል አረፈች። ድንኳን አልተተከለም። የሰፈሩ እድር፣ ቅሬው፣ በወጉ አልወጣም። ጥቂት ጎረቤቶች ናቸው ተሸክመው የቀበሯት። እኔ የሰማሁት ታኅሣሥ ላይ፣ መንገድ ሲከፈት ነው። ስደርስ ሁሉም አልቅሶ ጨርሷል። ዓይኔ ደርቆ ግድግዳውን አያለሁ። በማግስቱ የጎረቤታችን እናት ንፍሮ በሰፌድ ይዘው ገቡ። ትኩስ ነው፣ ስንዴና ባቄላ፣ እንፋሎቱ ፊቴን ነካው። «ለሌላው አልፏል፤ ላንተ ግን ገና ዛሬ ነው። አብሽር ልጄ» አሉኝ። ያኔ ነው እንባዬ የወረደው።

እማ ይህን ታውቃለች። ለዚህ ይመስለኛል ስለ ሕንጻዎቹም ስለ ጣቢያውም ምንም ያልጠየቀችው።

«ሰውዬውን ማን ደረሰለት?» ነበር ያለችኝ።

አንደኛው ሩሲያዊ፣ ሚካኢል ቱሪን፣ የሚወደውን የቀይ ሥር ሾርባ ለራቱ እንዳዘጋጀለት ነገርኳት። ሁለቱም አጠገቡ ሆነው፣ ብቻውን የሚያስብበትን ጊዜም ሰጥተውታል።

«ቀይ ሥር?» አለች። ትንሽ ዝም አለች። «ጎረቤት ነበረዋ! አልሐምዱሊላህ።»

ሲኒዎቹን መሰብሰብ ጀመረች። ግማሽ ላይ ቆም ብላ ወደ ጦሳ አየች።

«ነገም ያልፋል?»

«ያልፋል። ቀደም ብሎ።»

«እንግዲያስ ቡናውን ቀደም እናደርገዋለን።»