ከአራቱ ስንቱ ትክክል ነው?

ዛሬ ማታ የተቀመጥኩት ስለ እናቴ ስልክ ልጽፍ ነበር። እንደ ልማዷ የአክስቶቼን ጤና፣ የጎረቤቱን ሰርግና የሽንኩርቱን ዋጋ ከነገረችኝ በኋላ መጨረሻ ላይ «ታዲያ መቼ ነው የምትጨርሽው?» አለች። እኔም እንደ ልማዴ «ደርሷል እማዬ» አልኳት። ስልኩ ሲዘጋ ሆዴ ባባ። የደረሰ ነገር የለማ። የጽሑፌ ሦስተኛው ምዕራፍ ከጥምቀት ጀምሮ ሦስተኛው ምዕራፍ ነው። ኮምፒውተሩን በከፈትኩት ቁጥር ያቺው ያላለቀች ዓረፍተ ነገር ትጠብቀኛለች፤ የምትታዘበኝ ይመስለኛል።

ይህን ጽፌ ሳልጨርስ መብራት ጠፋ። የዴልሂን ግንቦት የማያውቅ ሰው የጣሪያ ማራገቢያ ሲቆም የሚወርደውን ጸጥታ አያውቅም። መጀመሪያ ጸጥታው ይመጣል፣ ቀጥሎ ላቡ። ዛሬ ግን ከላቡ በፊት ከቀጭኑ የጣውላ ግድግዳ ማዶ የህንድን ታሪክ የምትሸመድደው ጎረቤቴ ድምፅ መጣ፦ «1757 ፕላሲ። 1764 ቡክሳር። 1773 የቁጥጥር ሕጉ። 1793 የቤንጋል ቋሚ የመሬት ግብር።» ለእሷ መብራት መጥፋት መጽሐፍ መክደን ነው እንጂ ጥናት ማቆም አይደለም።

ስለ እሷ ከዚህ በፊት ጽፌአለሁ፤ ያቺ ከህንዷ ቢሃር ክፍለ ግዛት የመጣች ልጅ፣ ድስቴን ተውሳ በሩዝ ሞልታ የመለሰችልኝ። የህንድ መንግሥት ሹማምንቱን የሚመለምልበት የሲቪል ሰርቪስ ፈተና አራተኛ ሙከራዋ ነው። በእሷ ምድብ የሚፈቀደው ስድስት ሙከራ ነው፣ ዕድሜም ከ32 ማለፍ የለበትም። ስለዚህ ሁለት ነገር ትቆጥራለች፤ የቀሯትን ቀናትና የቀሯትን ሙከራዎች። የምንኖርበት ሙከርጂ ናጋር የሚኖረው ከዚሁ ቆጠራ ነው። ግድግዳው ሁሉ ባለፉት ዓመታት ባለፉ ልጆች ፎቶግራፍ ተለጥፏል፤ ከእያንዳንዱ ፊት ሥር የወጣበት ደረጃ በትልቁ ተጽፏል። ሻይ የሚያፈላው ሰው እንኳ የዋናው ፈተና ውጤት የሚወጣበትን ሰሞን ያውቃል። ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ሌሊቱን ሙሉ ወረቀት ይተፋሉ። በየዓመቱ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው ይመዘገባል፤ በመጨረሻ የሚያልፈው አንድ ሺህ አካባቢ ነው። የመጀመሪያው ዙር ዋናው ወረቀት ብቻውን መቶ ጥያቄ በሁለት ሰዓት፤ ለትክክለኛው ሁለት ነጥብ፣ ለተሳሳተው የዚያ አንድ ሦስተኛ ይቀነሳል። ይህ ቅነሳ ነው ሰዉን የሚያሳብደው። ዝም ብሎ ማለፍም ውሳኔ፣ መገመትም ውሳኔ። በእኛ ማትሪክ ጊዜ የማናውቀውን ሁሉ «ሐ» እያልን እንሞላ ነበር፤ እዚህ ያ ጀግንነት በነጥብ ይከፈልበታል።

ወጣሁና ከበሯ አጠገብ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ እዚያ ትንሽ ነፋስ አለ። እሷም የስልኳን መብራት አብርታ፣ የተደረተ ወረቀቷን ይዛ መጣች። «ዲዲ፣ ጠይቂኝ» አለችኝ። ዲዲ ማለት እህት ጋሼ እንደማለት ነው ብዬ ለእናቴ አስረድቻት ስትስቅ ነበር። እትዬ ይሻል ነበር መሰለኝ።

ጠየቅኳት። የቤንጋል መከፈል? 1905። የተሻረው? 1911። ቻውሪ ቻውራ? የካቲት 1922፤ ጋንዲ ያንን ሁሉ ከእንግሊዝ ጋር ያለመተባበር እንቅስቃሴ ያቆመበት። የጨው ጉዞው? ከመጋቢት 12 እስከ ሚያዝያ 6 ቀን 1930። በነገራችን ላይ እዚህ ቀኑንም ዓመቱንም በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኔ ራስ ግን አልተስማማም። ብዙ ጊዜ የህንድ ኮንግረስ ፓርቲ የተመሠረተው አድዋ ከመድረሱ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ይመስለኝ ነበር፦ 1885 እና 1888። በመካከላቸው ያለው ግን ከአሥር ዓመት በላይ ነው። ሁለት የዘመን አቆጣጠር ተሸክሞ ታሪክ የሚያነብ ሰው ሁለት ሰዓት አስሮ እንደሚሄድ ሰው ነው፤ አንዱም ላይ በሙሉ ልቡ አያምንም።

የነጻነት ታጋዩ ሱባስ ቻንድራ ቦስ ጋ ስንደርስ ክለሳው ለጥቂት ተቋረጠ። ሰውየው በ1920 የቅኝ ገዢውን የሲቪል ሰርቪስ ፈተና በአራተኛ ደረጃ አልፎ፣ በሚቀጥለው ዓመት ለቀቀ። በየመጽሐፉ ይህ የአርበኝነት ምዕራፍ ነው። እሷ ግን ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ «አልፎ! አልፎ ለቀቀ!» አለች፤ ሥራ ያጣ ሰው ደመወዙን የተወ ሰው ሲያይ እንደሚለው። ያኔ ፈተናው የሚሰጠው ለንደን ነበር፤ ከ1922 ጀምሮ ነው እዚህም መሰጠት የጀመረው። በ1863 ከህንዳውያን የመጀመሪያው ሆኖ ያለፈው ሳትየንድራናት ታጎር ለፈተና ባሕር አቋርጧል። እሷ የአንድ ሌሊት ባቡር ነው የተሳፈረችው፤ አባቷ ግን መርከብ ላይ እንደላኳት ነው የሚያወሩት።

ከዚያ ጃሊያንዋላ ባግ መጣ፤ የእንግሊዝ መኮንን በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ያስተኮሰበት። አምሪትሳር፣ ሚያዝያ 13 ቀን 1919። ይህቺ ቀን ደጋግማ ታመልጣታለች፤ ወሩን ትይዝና ቀኑን ትጥላለች። ሚያዝያ 13 ስትል እኔ ከተቀመጥኩበት ቀና አልኩ። መቅደላ! በእኛ ሚያዝያ 6 ቀን 1860፣ በእነሱ ሚያዝያ 13 ቀን 1868፤ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን የጠጡበት ቀን። ነገርኳት። ናፒየር የቦምቤይ ሠራዊት አዛዥ እንደነበረ፣ ጦሩ የተሰናዳው ቦምቤይ እንደነበረ፣ አርባ አራት ዝሆኖች በመርከብ ተጭነው ዙላ ላይ እንደወረዱ፣ አሮጌ ላይ ከተዋጉት መካከል የፑንጃብ ወታደሮች እንደነበሩ። የራሴ ድምፅ እየጋለ ሲሄድ ይሰማኛል። ዳዳባይ ናውሮጂ፣ ይኸው የህንድ ሀብት ወደ እንግሊዝ ይፈሳል ያለው፣ እሷ ወረቀት ላይ «የሀብት ፍሰት» ተብሎ በቢጫ የተቀለመው ሰውዬ፣ በ1867 ለንደን ላይ ቆሞ የዚያ ዘመቻ ወጪ በህንድ ላይ መጫን የለበትም ብሎ ተከራክሯል። ማለትም የእኛ መቅደላ የእነሱ ግብር ነው። የእኛ ሐዘን የእነሱ ደረሰኝ።

ስለ ዝሆኖቹ ስነግራት ዓይኗ በራ። ከዚያ በጣም በትሕትና፣ ልታስቀይመኝ ሳትፈልግ፣ «ዲዲ፣ ይህ ይመጣል?» አለችኝ።

ይመጣል ወይ! በዓለም ላይ ያለ ተማሪ ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ። እኔም ዘጠነኛ ክፍል የታሪክ መምህራችንን በዚችው ቃል ያቃጠልኩ ነኝ። አይመጣም አልኳት። ቢሆንም ከወረቀቷ ጠርዝ ላይ ትንሽ ዝሆን ሥላ ከአጠገቡ «13» ብላ ጻፈች። ጃሊያንዋላ ባግ ከእንግዲህ አይጠፋትም። ቴዎድሮስ ለአንዲት የቢሃር ልጅ የማስታወሻ ዘዴ ሆኑ፤ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

እሷም በበኩሏ ብድሯን መለሰች፤ «የእናንተ ሰው ግን ይመጣል» አለች። ማሊክ አምባር። ከእኛ ምድር ሄዶ በባርነት እየተሸጠ የህንዱ ዴካን አምባ የደረሰው፣ የአሕመድናጋርን መንግሥት በእጁ አስገብቶ የሙጋሉን ንጉሥ ጃሃንጊርን እንቅልፍ የነሳው። በ1626 እስኪሞት ድረስ ድል ሊያደርገው ያልቻለው ንጉሥ በሥዕል ተበቅሎታል፤ የአምባር ጭንቅላት ጦር ላይ ተሰክቶ እሱ በቀስት ሲወጋው አሥሎ። (ይህ ሥዕል ባስታወስኩት ቁጥር ያስቀኛል። የሚሳነውን ሁሉ አሥሎ የሚጨርስ ንጉሥ።) አምባር በ1610 የቆረቆራት ካድኪ ኋላ አውራንጋባድ ተባለች፣ አሁን ደግሞ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተብላለች። ስለዚህ ሰውየው በታሪክ ይጠየቃል፣ ከተማው በወቅታዊ ጉዳይ። ይህን ሰው እኔ አገሬ ተምሬ አልመጣሁም፤ ከባዕድ ልጅ የክለሳ ወረቀት ነው የተዋወቅኩት።

ወቅታዊ ጉዳይ የተባለው ነው ግን እውነተኛው ጠላት። ታሪክን ትወደዋለች። «የሞተ ሰው ደግ ነው፤ ከትናንት ወዲያ ሌላ ነገር አይሠራም» ትላለች። ወቅታዊ ጉዳይ ግን እያጠናሽው ይለወጣል። ጋዜጣ በቀን ሁለት፤ ቆርጦ መለጠፍ፣ በየወሩ የሚወጣውን ጥራዝ መግዛት፣ የወታደራዊ ልምምዶች ስም፣ አዲስ የተመዘገቡ ረግረጋማ ቦታዎች፣ የትኛው አገር የትኛው ማኅበር ገባ። የአልጋዋ አንድ እግር ተሰብሮ ያለፈው ዓመት ጥራዞች ናቸው ደግፈው የያዙት፤ ጊዜ ያለፈበት ወቅታዊ ጉዳይ ሌላ ጥቅም የለውም። ጥር 1 ቀን 2024 ብሪክስን የተቀላቀሉትን አገሮች ስትዘረዝር ኢትዮጵያ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ከፍ ታደርግልኛለች፤ እንደ ስጦታ። መስከረም 2023 እዚሁ ዴልሂ የአፍሪካ ኅብረት የቡድን 20 ቋሚ አባል የሆነ ዕለትም በሬን አንኳኩታ «እንኳን ደስ አላችሁ» ብላኛለች። እኔ ሽንብራ ክክ እየለቀምኩ ነበር። አመሰገንኩ፤ ስለ አህጉሩ።

ዛሬ ማታም በዚያው ስሜት ነው «ዲዲ፣ ያንቺ ቦታ የወጣበትን ጥያቄ ልጠይቅሽ» ያለችኝ። የ2022 የመጀመሪያ ዙር ፈተና። «በዜና ብዙ ጊዜ የሚነሱ አካባቢዎች» ይላል፤ አራት ጥንድ። አናቶሊያ ከቱርክ። አማራ ከኢትዮጵያ። ካቦ ዴልጋዶ ከስፔን። ካታሎኒያ ከጣሊያን። ስንቱ ጥንድ ትክክል ነው? በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ «የግጭት አካባቢዎች» ብለው ሌላ አወጡ፤ ዶንባስን ሶርያ፣ ካቺንን ኢትዮጵያ፣ ትግራይን ሰሜን የመን አስቀምጠው። ሆን ብሎ የተሳሳተ ነው፤ መልሱ «አንድም ትክክል የለም» ነው። ካቺን ምያንማር ነው።

አውቃለሁ፣ ፈተና ነው። ግን ስልኩ መብራት ላይ ያንን መስመር ሳነብ ደረቴ ላይ አንድ ነገር ተቀመጠ። አክስቴ ስልክ ሳይሠራላት የከረመችበት፣ እናቴ ሌሊት ሌሊት እየተነሳች ቁጥሩን የምትሞክርበት ያ ጊዜ ሁሉ እዚህ አንድ መስመር ነው፤ በሰረዝ ከአገር ጋር የተያያዘ። በመላው ህንድ በየአዳራሹ ስንት ልጅ በአንድ ጠዋት አገሬ ላይ እርሳሱን አሳርፎ «ይህ ልክ ነው፣ ቀጥል» ብሎ አልፏል። ምንም ክፋት የለበትም። እኔስ ስለ ካቺን ምን አውቃለሁ? ዜና ላይ ለመውጣት አንድ ቦታ የሚከፍለው ዋጋ ግን ከነጥቡ ጋር አይጻፍም። የአክስቴ ከተማ ገበያ፣ የጠላዋ ሽታ፣ የቅዳሜ ሹር ቄጤማ ለአንድም ፈታኝ አልደረሰም። የደረሰው ሌላው ነው። ስማችን እዚያ ወረቀት ላይ ሳይገባ የምንኖርበት ዓመት ነው የሚናፍቀኝ፤ ማንም የማይጠይቀን፣ ልጅቷ ለእኛ ስትል ምንም መሸምደድ የማይኖርባት ዓመት።

ይህን ሁሉ በሆዴ አሰብኩ እንጂ አልነገርኳትም። ነገ በጠዋት ተነሥታ እንደገና ከፕላሲ ትጀምራለች፤ የእኔን ሸክም ምን ላድርግልሽ ብዬ ልስጣት?

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር፤ ያዘነች፣ የገባት ሰው መስዬ። ግን ይህ የግል ማስታወሻ ነው፣ ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ።

ጥያቄውን ስትጠይቀኝ መልሻለሁ። ሳላመነታ፣ እንደ ባለቤት። አናቶሊያ ቱርክ፣ ልክ። አማራ፣ ይህማ የእኔ ነው። ካታሎኒያ ጣሊያን? አይደለም፤ ኳስ ያየ ሰው ሁሉ ባርሴሎና የት እንዳለች ያውቃል። ካቦ ዴልጋዶ? ስሙ ራሱ ስፔን ስፔን ይላል። «ሦስት!» አልኳት።

መልሱ ሁለት ነው። ካቦ ዴልጋዶ ሞዛምቢክ ነው። ከ2017 ጀምሮ ጦርነት ያለበት፣ ሰዉ በመቶ ሺዎች የተፈናቀለበት፣ የራሴ አህጉር። ለአፍሪካ ኅብረት የተባለልኝን «እንኳን ደስ አላችሁ» በክብር የተቀበልኩት እኔ፣ ትግራይን የመን ወሰዱብኝ ብዬ የተከዝኩት እኔ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሞዛምቢክን ሕዝብ ጠቅልዬ ስፔን አሻገርኩት። ካታሎኒያን ግን አውቃለሁ። ሜሲ ምስጋና ይግባው።

ልጅቷ አልሳቀችብኝም። ወረቀቷን አጥፋ፣ አንድ ሦስተኛውን በጣቷ አስልታ፣ «ዲዲ፣ ሲቀነስ ዜሮ ነጥብ ስድሳ ስድስት» አለች። ከዚያ ትከሻዬን ቸብ አድርጋ፣ «አይዞሽ፣ ገና አምስት ሙከራ አለሽ።»