22 ደቂቃ

አሜሪካ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ታካሚ መዝጋቢ ነኝ። ከቀጠሮው 15 ደቂቃ ያሳለፈ ሰው ሌላ ቀን ይሰጠዋል፤ ደንባችን ነው። አንድ ቀን አንዲት ሐበሻ እናት ልጇን ታቅፋ እያለከለከች ገባች። 22 ደቂቃ አርፍዳለች።

«ሁለተኛው አውቶቡስ ጥሎኝ ሄዶ ነው እህቴ» አለችኝ።

«ይቅርታ እህቴ፣ ሰዓቱ አልፏል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ልያዝልሽ» አልኳት፣ በትህትና። የልጇን ኮፍያ አስተካክላ ወጣች። ትንሽ ቀደም ብላ ብትነሳ ምን ነበረበት፣ አልኩ በልቤ። ወዲያው ረሳኋት።

ከወራት በኋላ መሥሪያ ቤታችን ለሥልጠና ጠራን። «ፖቨርቲ ሲሙሌሽን» ይሉታል፤ የድህነትን ኑሮ በሚና ጨዋታ ማሳየት ነው። ሚዙሪ ኮሚኒቲ አክሽን ኔትወርክ የተባለ ድርጅት የሚያሰራጨው ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የአንድ ድሃ ቤተሰብ አባል ሚና ይሰጠዋል። አንድ ሳምንት 15 ደቂቃ ነው፤ አንድ ወር በአንድ ሰዓት ያልቃል። በአዳራሹ ዙሪያ ባንክ፣ ግሮሰሪ፣ ትምህርት ቤት፣ ዕቃ በመያዣ የሚቀበል ሱቅ፣ የእርዳታ ቢሮ አለ። አንዱ ጋ ለመድረስ የትራንስፖርት ትኬት መስጠት ግድ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ቅር እያለኝ ነው የሄድኩት። ለእኔ ድህነትን ማን ያስተምረኛል? የቀበሌ ቤት ውስጥ፣ አንድ ክፍል ለስድስት ተካፍለን ነው ያደግሁት። ግን ስኳር ሲያልቅብን ከጎረቤት በሲኒ እንበደር ነበር። ሐዘን ሲደርስብን ዕድሩ ድንኳን ይተክልልናል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለው ወረፋና ፎርም ብቻ ነው።

የሁለት ልጆች እናት ሆንኩ። አንደኛው ሳምንት ቼክ ለመመንዘር ባንክ ተሰልፌ አለቀ። ሁለተኛው ላይ ትኬት ጨረስኩ። ትኬት ለመግዛት መሄድ አለብኝ፤ ለመሄድ ደግሞ ትኬት ያስፈልጋል! ሦስተኛው ላይ ደሞዝ እስኪደርስ የሚያበድሩት ጋ ሮጥኩ። የሳምንቱ ማብቂያ ፊሽካ ሊነፋ ደቂቃ ሲቀረው ፈርሚ አሉኝ፣ ሳላነብ ፈረምኩ። እነዚህ አበዳሪዎች ከአዳራሹ ውጭ፣ በእውነተኛው ኑሮ፣ 100 ዶላር ለሁለት ሳምንት ሰጥተው 15 ዶላር መጨመራቸው የተለመደ ነው። ትንሽ ይመስላል። በዓመት ሲሰላ ግን ወለዱ ወደ 400 በመቶ ይጠጋል። እንደኔ አይነቱን የተማረ ሰው አይሸውድም ብዬ አስብ ነበር።

በመጨረሻው ሳምንት የእርዳታ ቢሮው ጠረጴዛ ጋ ደረስኩ። የተቀመጠችው ሴትዮ ፈገግ ብላ፣ «ይቅርታ፣ ሰዓቱ አልፏል» አለችኝ።

የራሴ ቃል ነው። የራሴ ፈገግታ ነው። ልጇን የታቀፈችው እናት ትዝ አለችኝና ጉሮሮዬ ተዘጋ።

ስንወያይ ሴትዮዋ የራሷን ሕይወት ነገረችን። ለዓመታት ከዚያኛው ወገን ቆማ ስትለምን ኖራለች። አብዛኞቹ ሠራተኞች ክፉ አልነበሩም አለች። ትሑት ነበሩ፤ በትህትና ነው የመለሷት። ከሥልጠናው ሁሉ እስካሁን የሚከነክነኝ ይኼ ነው።

አንድ ባልደረባዬ ሲወጣ «አሁን ድህነትን አወቅነው» አለ። እኔ አይመስለኝም። ሰዓቱ ሲያልቅ ሁላችንም የመኪና ቁልፋችንን አንስተን ሄደናል። እኔ ያወቅሁት የራሴን ጠረጴዛ ነው፣ ከወዲያ በኩል ሲታይ ምን እንደሚመስል።

አለቃዬን አነጋገርኩ። ደንቡ አልተነሳም። ግን ያረፈደ ሰው መቆየት ከፈለገ፣ ቀጠሮ ይዞ ያልመጣ ታካሚ ሲኖር በእሱ ቦታ እናስገባዋለን። እኔም ሰዓቱን ከማየቴ በፊት «በምን መጣሽ?» እላለሁ።

ያቺን እናት በመዝገብ ፈለግኋት። ከሦስት ሳምንት በኋላ የያዝኩላት ቀጠሮ ላይ «አልቀረበችም» ይላል። የመዘገብኩት እኔ ነኝ።