የጽድ አጥሬን ከክሽክሽ ያዳንኩት እንዲህ ነው

ግቢያችን ከደሴ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አጥሩ በሙሉ የፈረንጅ ጽድ ነው። የደጋውን ነፋስ የሚመልስልን እሱ ነው። ቅርንጫፉ ቡናማ እየሆነ መድረቅ ሲጀምር በጣም ደነገጥኩ።

ሰፈር ውስጥ ጽድ ሲደርቅ ሁሉም «ውኃ ጠምቶት ነው» ይላል። እኔ ግን ቅጠሉን ገልጬ ግንዱ አጠገብ አየሁ። ግራጫ ቡናማ ክሽክሽ፣ ማለትም የተክል ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ተባይ፣ ልጡ ላይ ተደርድሯል። ቅርንጫፉ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ከሥሩ ያለው ቅጠል ደግሞ ጥላሸት የተቀባ መስሏል። ይሄ ክሽክሽ ምጥጥ አድርጎ ብቻ አይተውም። ምራቁ ራሱ ዛፉን ይመርዛል። ስለዚህ ጽዱ መድረቅ የሚጀምረው ከውስጥ ነው፤ ከውጭ ሲታይ ብዙ ጊዜ አልፏል። ሴቷ ያለ ወንድ ስለምትወልድም በፍጥነት ይራባል። እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ ውስጥ ታየ፣ ከዚያ ኬንያን አዳርሶ እኛም ዘንድ ገባ። የሐበሻ ጽድንም አይምርም። ኮምቦልቻ አጠገብ ያለውን የጎፍ ደን ሳስብ ይሄ ነው የሚያሳስበኝ።

ማላታይን የተባለውን የተባይ መርዝ ርጭ ያለኝ ብዙ ነው። ጎረቤቴ ግን ቀፎ አላቸው። «ልጄ፣ ንቦቼን እንዳትፈጅብኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ደግሞም መርዙ ክሽክሹን የሚበሉትን ቀይ ነጠብጣባም ጥንዚዛዎች አብሮ ይጨርሳል። እነሱ ከሌሉ ክሽክሹ ተመልሶ ሲመጣ የሚያቆመው የለም።

መጀመሪያ የደረቀውን ብቻ ቆረጥኩ። ጽድ ቅጠል የሌለው አሮጌ እንጨት ድረስ ከተቆረጠ መልሶ አያቆጠቁጥም። ቀጥሎ ሳሙና። ለ10 ሊትር ውኃ 100 ግራም ያህል ተራ የልብስ ሳሙና ፈቅፍቄ አሟሟሁ። የዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል፣ እሱን ተዉት። አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሞክሬ፣ ቅጠሉ እንዳልተጎዳ ካየሁ በኋላ ሌላውን ረጨሁ። ሳሙና የሚገድለው እርጥብ ሆኖ የነካውን ብቻ ነው። ላዩን ማርጠብ ዋጋ የለውም፤ መርጫውን ወደ ውስጥ ማስገባት፣ ከታች ወደ ላይም መርጨት ያስፈልጋል። ሰዓቱ ማለዳ ወይም አመሻሽ ነው። በየሳምንቱ እያየሁ፣ ክሽክሽ ያለበትን ብቻ ደገምኩ። ጥንዚዛ የሞላበትን ቅርንጫፍ አልነካሁም።

ክሽክሹ በበረታበት በኩል ኒም ከሚባለው ዛፍ ፍሬ የተዘጋጀ ርጭት ጨመርኩ። ፍሬው ከባቲ በኩል በዘመድ መጣልኝ። ከተፈለፈለና ከተወቀጠ በኋላ 50 ግራሙ በአንድ ሊትር ውኃ ተዘፍዝፎ ያድራል፣ ጠዋት በነጠላ ይጠለላል። ወዲያው አይገድልም፤ ምግቡን ያስጠላዋል፣ እድገቱንም ያሰናክላል።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ግን ጉንዳኑን መከልከሌ ነው። ጉንዳን የክሽክሹን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚልስ ጥንዚዛዋን ያባርርለታል። ግንዱን በጨርቅ ጠምጥሜ ጨርቁ ላይ ግሪስ ቀባሁ፣ ልጡን ግን አላስነካሁም። መሬት የነካውን ቅርንጫፍም አነሳሁ፤ አለበለዚያ በዚያ በኩል ይወጣሉ። ከዚያ ወዲህ ጥንዚዛዎቹ በዙ፣ ርጭቱም እየቀረ መጣ።

ጥቂት ጽዶች አልተረፉም። በእነሱ ቦታ ክረምት ሲገባ ወይራ ተከልኩ። ይሄ ክሽክሽ ወይራ ላይ አይወጣም።