ስተርሊንግ ካስል ዋልኩ

ዛሬ ስኮትላንድ ስተርሊንግ ካስል የሚባለው የድሮ የነገስታት ግንብ ነው የዋልኩት። ገደል አናት ላይ ስለሆነ ንፋሱ ሰው ይጥላል፣ ጃኬት ሳትይዙ እንዳትመጡ። ሁሉም ቱሪስት ዋና ከተማዋ ኤድንብራ ያለው ካስል ነው የሚጎርፈው፣ እኔ ግን ይሄኛው ይበልጥብኛል። ንጉስ ጄምስ 4ኛ ያሰራው ትልቁ አዳራሽ ውጪው ወርቃማ ኖራ ተቀብቶ ከሩቅ ያበራል። የስኮትላንዷ ንግስት ሜሪ ዘውድ የጫነችው እዚሁ ግቢ ነው፣ በፈረንጆቹ 1543፣ ያውም በ9 ወሯ! ገና ዳዴ የምትል ልጅ እኮ ናት በናታችሁ።

ከሁሉም ያሳቀኝ ግን ጆን ዳሚያን የሚባለው የንጉስ ጄምስ 4ኛ አልኬሚስት (ተራ ብረትን ወርቅ ለማድረግ የሚሞክር ሰው) ነው፣ ሰውዬው በ1507 የላባ ክንፍ ሰርቶ ፈረንሳይ ድረስ እበራለሁ ብሎ ከግንቡ ዘለለ፣ ወዲያው ቁልቁል ወርዶ ጭኑ ተሰበረ፣ ከዛ ምን አለ ቢባል ጥሩ ነው፣ ጥፋቱ የላባው ነው፣ የዶሮ ላባ ተቀላቅሎበታል፣ ዶሮ ደግሞ የቆሻሻ ክምር እንጂ ሰማይ አትወድም አለላችሁ ሃሃሃ። ምክንያት መደርደር ድሮም ነበር ማለት ነው።

ኳስ ወዳጆች ደግሞ፣ ከንግስቲቱ ክፍል ጣሪያ ውስጥ የ1540ዎቹ የቆዳ ኳስ ተገኝቷል፣ በዓለም ላይ እስካሁን ከተገኙት ሁሉ ጥንታዊው ነው ይባላል። የሚታየው ግን ካስሉ ውስጥ ሳይሆን ከታች ከተማው ሙዚየም ነው፣ ስለዚህ የነገ ፕሮግራሜ ታወቀ።