«ፍቅረኛዋ ነው እኮ» ሲሉ እኔ ምን አደረግኩ

ግቢ ውስጥ ወንድ ፍቅረኛውን ሲመታ አይቶ የሚያልፍ ተማሪ ሁሉ ጨካኝ አይደለም። «ፍቅረኛዋ ነው፣ ነገ ይታረቃሉ» ይላል። ደግሞ ሌላው ዝም ሲል ያያል፣ ሌላውም እሱን እያየ ነው ዝም ያለው።

እ.ኤ.አ. በ1976 ሾትላንድና ስትሮው የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ወንድ ሴትን ሲያጠቃ የሚያሳይ የማስመሰል ጠብ ተማሪዎች ፊት አሳዩ። ሴትዮዋ «አላውቅህም» ብላ ስትጮህ 65 በመቶው ጣልቃ ገባ። «ለምን እንዳገባሁህ አላውቅም» ስትል ግን 19 በመቶው ብቻ። ጠቡ ያው ነው!

እኔ ያየሁት ማታ ከላይብረሪ ስንመለስ ነው። አንድ ልጅ የፍቅረኛውን ክንድ ጠምዝዞ «ስልክሽን ክፈቺ» እያለ ይጮሃል፣ ተማሪው ከቦ ያያል። እሱን ምንም አላልኩትም፣ ምክንያቱም እልህ ውስጥ የገባ ሰው ሰው ፊት ሲገሰጽ ይብስበታል። እሷን «ፕሮክተሯ እየፈለገችሽ ነው፣ ነይ» አልኳት። ከዚያ ዞር ብዬ «አንተ ባለ ቢጫ ጃኬት፣ ጥበቃ ጥራ» አልኩ። «እባካችሁ አንድ ሰው» ብል ኖሮ ማንም አይነቃነቅም ነበር። እሱ ሲሮጥ ሌሎቹም ጠጋ ጠጋ አሉ፣ የልጁ ጓደኛም «ተው በቃ» ብሎ ሳበው። የከበበውን ተማሪ ከቁብ ያልቆጠረው ልጅ ለጓደኛው ቃል ክንዷን ለቀቀ። ስለት ይዞ ቢሆን ግን አልጠጋም፣ ጥበቃ መጥራት ብቻ ነው።

ከባዱ ዶርም ከገባን በኋላ ነው። «አስቀንታው ይሆናላ» ያሉት ሴቶቹ ናቸው። ይሄ የእኛ ዶርም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 63 በመቶ ሴቶች ባል ቢያንስ በአንድ ምክንያት ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ብለዋል። እሷ ይህን እየሰማች እንዴት ትናገር? «ለምን አትተዪውም» ሳይሆን «ዛሬ የት ማደር ትፈልጊያለሽ» ብዬ ጠየቅኳት። እኛ ጋ አደረች። በኋላ ተመልሳ ታረቀችው፣ እኔም አልተቆጣኋትም፣ ሻይ እንጠጣ ማለቴንም አልተውኩም። ራሷ ስትወስን አብረናት ወደ ሥርዓተ ፆታ ቢሮ ሄድን። ባለ ቢጫ ጃኬቱ ምስክርነቱን ጻፈ።

አሁን ከወንዶቹ ዶርም ልጆች ጋር እየተነጋገርን ነው። አንድ ተማሪ ፍቅረኛውን ሲያስፈራራ መጀመሪያ የሚያናግረው የራሱ ጓደኛ እንዲሆን ነው የምንፈልገው፣ ጠቡ አደባባይ ሳይወጣ።