ሰፈሩን ላበላ ሰው የመንገድ ስም ማሰጠት

ዕድሜ ልኩን ሰፈሩን ሲያበላ የኖረ ሰው ሲያርፍ «መንገዱ በስሙ ይጠራ» የሚል ሐሳብ ይነሳል። ተገቢ ሐሳብ ነው። ለወጥ ሠሪና ለአስተናጋጅ ሐውልት የሚያቆም የለም፤ በሩን የከፈተበት ጥግ ግን ለሰፈሩ ሰው ድሮም የእሱ ነው። ነገሩ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ገና ከጅምሩ፣ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ሲደባለቁ ነው።

አንደኛው ነባሩን የመንገድ ስም መለወጥ ነው። ያኔ የእያንዳንዱ ቤትና ሱቅ አድራሻ ይቀየራል፤ ንግድ ፈቃዱ፣ የኪራይ ውሉ፣ የባንክ ወረቀቱ ሁሉ ይታረማል። ሟቹን የሚወድ ጎረቤት እንኳ በዚህ ምክንያት ይቃወማል። ሁለተኛው የክብር ስያሜ ነው፤ የድሮው ስም እንዳለ ሆኖ እዚያው ምሰሶ ላይ ሌላ ታፔላ ይጨመራል። ፖስታም አምቡላንስም በድሮው ስም ይሄዳሉ። ይህንን ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1962 በኒው ዮርክ ሃርለም ሰፈር ምግብ ቤታቸውን የከፈቱት ሲልቪያ ዉድስ በስማቸው የመንገድ ጥግ የተሰየመላቸው እንዲህ ነው፤ ምግብ ቤቱ ያለበት የሌኖክስ ጎዳና ዋና ስም አልተነካም። በአሜሪካ ዋና ከተማ ዋሽንግተን ደግሞ ከባለቤታቸው ከቨርጂኒያ ጋር እ.ኤ.አ. በ1958 ቤንስ ቺሊ ቦውል የተባለውን ምግብ ቤት የከፈቱት ቤን አሊ ስማቸው የተሰጠው ከምግብ ቤቱ ጎን ላለችው ቅያስ ነው። ቅያስ ጥሩ ምርጫ ነው፤ በሩ ወደዚያ የሚከፈት ቤት ጥቂት ስለሆነ ተቃዋሚም ጥቂት ነው።

ከማመልከታችሁ በፊት የከተማውን ደንብ አንብቡ። በሕይወት ላለ ሰው የማይፈቅዱ ከተሞች ብዙ ናቸው። የዋሽንግተን ሕግ ከሞት በኋላ 2 ዓመት እንዲያልፍ ይጠይቃል፤ ምክር ቤቱ ግን በልዩ ሕግ ሊያልፈው ይችላል። ኒው ዮርክ ውስጥ ጥያቄው መጀመሪያ በሰፈር ቦርድ ይታያል፣ ከዚያ የከተማው ምክር ቤት ከሌሎች ብዙ ስሞች ጋር በአንድ ረቂቅ ሕግ ያጸድቀዋል። ቀጣዩ ረቂቅ እስኪመጣ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል የምረቃ ቀን ቀድማችሁ አትቁረጡ።

ፋይሉን የሚያደክመው ሙገሳ ነው። «ደግ ነበሩ» የሚል አምስት ገጽ ከምታስገቡ፣ ምግብ ቤቱ የተከፈተበትን ዓመት፣ የነበረበትን አድራሻ፣ ስንት ሰው እንደቀጠረ፣ በችግር ጊዜ ማንን በነጻ እንዳበላ በአንድ ገጽ ጻፉ። የድሮ የፈቃድ ቅጂና ቀኑ የታወቀ ፎቶ አያይዙ። ፊርማ ስታሰባስቡ ደግሞ ከሩቅ የሚመጣው ደንበኛ ሳይሆን እዚያው መንገድ ላይ የሚኖረውና የሚነግደው ሰው ይፈርም። አድራሻው የማይነበብ ፊርማ ይጣላል፤ 50 ከተጠየቀ 65 ይዛችሁ ሂዱ። በር የማንኳኳቱ ዋና ጥቅም ግን ሌላ ነው፦ ጎረቤቱ ነገሩን መጀመሪያ የሰማው በስብሰባ ላይ ከሆነ ቅር ይለዋል።

የምግብ ቤቱን ስም ሳይሆን የሰውየውን ስም አቅርቡ። የንግድ ስም ማስታወቂያ ይመስላል፤ ቤቱም ነገ ሊሸጥ ይችላል። ስሙ አጭር ይሁን። በአሜሪካ የመንገድ ምልክት መስፈርት መሠረት በዝግታ በሚነዳባቸው ትንንሽ መንገዶች ላይ የታፔላው ትልቅ ፊደል ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ሰፋ ባሉት ላይ 15 ያህል ቁመት አለው። ከማዕረግ እስከ አያት የተጻፈ ስም በዚህ ልክ አይገባም፤ ለማስገባት ሲባል ፊደሉ ይጠብና ከማዶ ላለ ሰው አይነበብም። ሰው ሁሉ የሚያውቀው በቅጽል ስም ከሆነ ያ ስም ይግባ። የፊደሉን አጣጣል ቤተሰቡ በእጁ ጽፎ ይፈርምበት፤ ታፔላው ከመቆረጡ በፊትም ንድፉን አስመጥታችሁ ፊደል በፊደል አመሳክሩ። የተሳሳተ ስም የሚታወቀው ጨርቁ ሲገለጥ፣ ልጆቹ ፊት ነው።

ምሰሶውንም ሄዳችሁ እዩት። የማቆሚያና የአቅጣጫ ምልክት ከሞላው ሌላ ጥግ ፈልጉ። ለምረቃው ሸፋኙን ጨርቅ አንዴ ሲሳብ በሚፈታ ቋጠሮ እሰሩት፣ ገመዱንም እስከ ሰው ቁመት አውርዱት፤ ድርብ ቋጠሮ ንፋስ ካጠበቀው መሰላል ያስፈልገዋል። ሰዓቱ ከምሳ ግርግር በኋላ፣ ከእራት በፊት ይሁን። አለዚያ ከሟቹ ጋር ምድጃ ሥር የቆሙት ሠራተኞች ሊገኙ አይችሉም። ታፔላው ሲታዘዝም አንድ ቅጂ ለቤተሰቡ አብሮ ይታዘዝ።