የመድፉ ቦታ የት ነበር?

ሳንዲያጎ የሄድኩት ለእህቴ ልጅ ክርስትና ነበር። በማግስቱ ሁሉም ወደየሥራው ሲበተን ብቻዬን ቀረሁና ወደ ወደቡ ወረድኩ። ሐሳቤ በ1863 የተሠራችውን ባለ ሸራዋን መርከብ ስታር ኦፍ ኢንዲያን ለማየት ነበር። አየኋት፣ ፎቶ ተነሣሁ፣ አለፍኩ። (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀኑን የበላችብኝ ግን እዚያው ወደቡ ላይ ባለው የመርከብ ሙዚየም ያለችው ሜዲያ ናት። ገላዋ ነጭ፣ የጭስ ማውጫዋ ቢጫ፣ አፍንጫዋ ሹል፤ ርዝመቷ 43 ሜትር ያህል። በ1904 ዊልያም ማካሊስተር ሆል የሚባል የስኮትላንድ ባለርስት ለሽርሽር ያሠራት የእንፋሎት መርከብ ናት። ለአደን ወራት ትድረስልኝ ስላለ በ51 ቀን አለቀች። 51 ቀን! እኛ ሰፈር የአጥር ግንብ እንኳ በዚህ ጊዜ አያልቅም።

ወደ ውስጥ ስገባ በሩ ዝቅ ያለ መሆኑን ያወቅሁት በግንባሬ ነው። ውስጡ የተወለወለ እንጨትና የሚያብረቀርቅ ብረት ነው፤ እንግዳ ሲጋራውን እያጨሰ ባሕሩን በመስኮት እንዲያይ የታሰበ ቤት።

እዚህ ላይ ነው ታሪኳ ያስገረመኝ። በ1917 የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ያገኙትን የንግድ መርከብ ሁሉ ሲያሰጥሙ፣ አጃቢ ያጠረው የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ይህችን የሽርሽር ዕቃ ገዛት። ስሟን በባለቅኔው በኮርኔይ ቀይሮ፣ 75 ሚሊ ሜትር መድፍ ጭኖባት የንግድ መርከቦችን እንድታጅብ ላካት። ሰላም ሲሆን ወደ ድሎቷ ተመለሰች፤ የእንግሊዝ ፓርላማ አባላትም በባለቤትነት ተፈራረቁባት። በሁለተኛው ጦርነት ደግሞ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ቴምዝ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ቦታ አቆማት። ሥራዋ በብረት ገመድ የታሰረ ግዙፍ ፊኛ መያዝ ነበር። ዝቅ ብሎ የሚበር የጠላት አውሮፕላን ገመዱ እንዳይቆርጠው ሲል ከፍ ይላል፤ ከፍ ሲል ደግሞ ዒላማውን ይስታል። ፍየል እንደ ማሰር ነው፤ ፍየሉ ሰማይ ላይ መሆኑ ነው እንጂ። ኋላም ኖርዌጂያኖች ተጠቀሙባት።

ታዲያ የመድፉን ቦታ ፈለግሁ። ፊት ለፊቱን ዞርኩት፤ ጎንበስ ብዬ ወለሉን ዳሰስኩት። አንድ የብሎን ቀዳዳ፣ አንድ ጠባሳ እንኳ ባገኝ ብዬ። ምንም የለም። ለካ ፖል ዊቲየር የተባለ አሜሪካዊ ገዝቷት፣ እንደ 1904ቷ አሳድሶ ነው በ1973 ለሙዚየሙ የሰጣት። አበጀ፣ እጁ ይባረክ፤ ግን ለእኔ ቢሆን አንዷን ቀዳዳ እተዋት ነበር።

ማታ እህቴ ግንባሬን አይታ፣ «ምን ነካህ?» አለችኝ።

«የስኮትላንድ ባለርስት በር» አልኳት።